የእትዬ ሶልያና ፓምፕ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የእትዬ ሶልያና ፓምፕ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ድምፁን ከፍ አደረገ። ኪሩቤልም ነቃ። ሰባት ዓመት ሙሉ የሚነቃው እንዲህ ነው። ስልኩ ሊቀሰቅሰው ሲሰናዳ እሱ ፊቱን ታጥቦ፣ ካልሲውን አጥልቆ ይጠብቀዋል።

ኪሩቤል ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በወጉማ «ጋሽ ኪሩቤል» ማለት ነበረብን። ነገር ግን ጋሽ ብሎ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ስለቆየ፣ እኛ ብቻችንን ብናከብረው ምን ይረባዋል፣ ኪሩቤል እንበለው። በወጣትነቱ የሚኒባስ ረዳት ነበር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እየተመላለሰ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው የቀረው» እያለ የኖረ ሰው ነው። መኪናው ባዶ ሆኖም የሚቀረው አንድ ሰው ነበር። በዚያ ጉሮሮ ነው ትዳር የያዘው፣ ሴት ልጁንም ያስተማረው። ልጁ አሁን ጅግጅጋ ትሠራለች፤ በዓል በዓል ትደውላለች።

ከሰልና እንጨት ከተከለከለ ወዲህ ደብረ ብርሃን የሚሞቀው በሙቀት ፓምፕ ነው። በየቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ አንዳንድ ተሰቅሏል፤ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ብርዱ ያው የጥንቱ ብርድ ነው። ቤቱ ግን እንደ ጠርሙስ ተደፍኗል። መስኮት አይከፈትም። በር የተከፈተ እንደሆነ ከመቃኑ በላይ አንዲት የሴት ድምፅ «ሙቀት እየባከነ ነው» ትላለች። ደቂቃ ካለፈ ትደግመዋለች። ሦስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ከወሩ የሙቀት ድርሻ ላይ ይቀነሳል።

በዚህ የተነሣ እንግዳ የሚባል ነገር ቀረ። ማንም አልከለከለውም። ሰው ሰው ቤት ሄዶ ደጅ ሲቆም ያቺ ሴትዮ ስታሳጣው ያፍራል፤ ባለቤቱም በሩን ገርበብ አድርጎ «ግቡ» ለማለት ያፍራል። በቃ፣ በመተፋፈር ብዛት ቀረ። ከውጭ ሆኖ «ቤቶች» ብሎ መጣራትማ አይታሰብም፤ ሃምሳ ፓምፕ በሚያጉረመርምበት መንገድ ላይ ማን ሊሰማ። እድሩም በስልክ ሆኗል። ሰው ሲሞት «አዝኛለሁ» የሚለውን መጫን ነው። የኪሩቤል ሚስት ምሕረት የሞተች ጊዜ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ተጫነለት። ቤቱ ድረስ የመጣው ሦስት ነው።

ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ያለው የእትዬ ሶልያና ፓምፕ ነው። እትዬ ሶልያና ከግድግዳው ወዲያ ያሉ ባልቴት ናቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ያያቸው አራት ጊዜ ሲሆን አራቱንም ጊዜ በር ሲዘጉ ነው። ስማቸውን ያወቀው በራቸው ላይ ተለጥፎ አንብቦ ነው። ፓምፓቸው የጥንት ሞዴል፣ ሳላም፣ አጉረምራሚ ነው። የእሱ ግን ልጁ የገዛችለት አዲሱ ዓይነት ስለሆነ ሲሠራ አይሰማም። ቤቱ ሞቆ ሲያገኘው ነው መሥራቱን የሚያውቀው፤ ይህም ደስ አይለውም።

እትዬ ሶልያና ገላቸውን ሲታጠቡ የፓምፑ ድምፅ ይወፍራል። ረቡዕ ረቡዕ አስቤዛ ሲመጣላቸው በር ስለሚከፍቱ ለአፍታ ያቃስታል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለስለስ ይላል፤ ተኙ ማለት ነው። ኪሩቤል ይህን ሁሉ ከአልጋው ሆኖ ይከታተላል። «ዛሬ ደግሞ አረፈዱ እትዬ» ይላል ለግድግዳው። አንዳንዴም «እኔም ወገቤን ትንሽ ይዞኛል» ብሎ ይጨምራል።

ነገሩ የተጀመረው መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ነው። ናትናኤል የሚባል፣ የእሱ እኩያ የሆነ የሰፈሩ ሰው ከኋላው ቆሞ ነበር።

«ጎረቤቴን ከሰስኩት» አለው ናትናኤል።

«በምን?»

«ፓምፑ ያፏጫል ብዬ።»

«ያፏጫል እንዴ?»

«ኧረ ምን አፏጨ። እኔስ ምን ጆሮ አለኝና።» ናትናኤል ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ከስልሳ ዓመት በላይ ከሆንክ እኮ ጉዳዩ በእርቅ ነው የሚያልቀው። የጸጥታ ክፍል ሽማግሌ ይልካል። ከሳሹ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ትላላችሁ። በር ብትከፍት አይቀነስብህም። ከእርቁ ወዲህ እኔና እሱ ማክሰኞና ዐርብ ዳማ እንጫወታለን።»

ድሮ ጸጥታ ማለት የሌባና የዱላ ጉዳይ ነበር። አሁን ጸጥታ ማለት ጸጥታ ነው። የጸጥታ ሠራተኞች ዴሲቤል መለኪያ ይዘው በየግድግዳው ሥር ይዞራሉ፤ ሕዝቡም በስልኩ ቅሬታ ያስገባል።

ኪሩቤል ሦስት ቀን አሰበበት። ሄዶ ማንኳኳቱ እንዴት ይሆናል? ምን ብሎ? «ብቸኝነት በላኝ» ተብሎ የሰው በር ይንኳኳል? ያውም በሰባ አንድ ዓመት፣ ያውም የሴት በር። ነውር ነው። ክስ ግን ምክንያት አለው። ሰው ቢከስ ማንም አይስቅበትም።

ሰኞ ጠዋት ቅሬታውን አስገባ። «የድምፁ ዓይነት» ይላል ቅጹ፤ ማፏጨት፣ መንኳኳት፣ ማጉረምረም። ማጉረምረም የሚለውን ተጫነ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ይቅር በሉኝ እትዬ፣ ለደግ ነው» አለ። የእርቁ ቀጠሮ ለአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት መሆኑ ተነገረው። ያን ዕለት ከሰዓት ወጥቶ ሁለት ብርጭቆ ገዛ፤ ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ቀረፋም ገዛ። ወንበሮቹን አሰላልፎ ካየ በኋላ አዛውሮ አስቀመጣቸው። ደስ ብሎት ነው የዋለው፣ ምን ይደበቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ፓምፑ አላስነጠሰም። ስልኩ በአንድ ሰዓት ሲጮህ ኪሩቤል ደንግጦ ተነሣ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ አደረገ፤ ምንም የለም። ተበላሽቶ ይሆናል፣ ሠሪ ይጠሩለታል ብሎ ተወው። ረቡዕ አስቤዛ የሚያመጣው መኪና በራቸው ላይ ቆሞ ሄደ፤ ስለዚህ ሰው አለ። ሐሙስም ምንም አልተሰማም። ዐርብ ምናልባት አዲስ አስገጥመው ይሆናል፣ እንደ እኔው ዓይነት ድምፅ የሌለው ይሆናል ብሎ አሰበና ጆሮውን መልሶ ግድግዳው ላይ አደረገ።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ፣ የመኪና መስታወት ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ቅዳሜ ዕለት ኪሩቤል ካፖርቱን ደርቦ ወጣና ከእትዬ ሶልያና በር ፊት ቆመ። እጁን ለማንኳኳት አነሣ። ከሳሽ ሆኖ ሽማግሌ ሳይመጣ የተከሳሽ ደጅ መቆም ግን ምን ይባላል? «ምን ፈልገው ነው?» ቢሉትስ? «ፓምፕዎ ምነው ጠፋ?» ሊል ነው? የከሰሰው እሱው፣ የናፈቀውም እሱው። እጁን ወደ ኪሱ መልሶ ይሉኝታውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሽማግሌዋ መጣች። በወጉ ሽማግሌ ሦስት ነው፤ የጸጥታ ክፍል ግን የሚልከው አንድ ነው። ስሟ ወይዘሮ ህሊና ነው። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ በደረቷ ላይ መለያ ሰክታለች። ኪሩቤል ሻዩን ቀድቶ ነበር።

«ተከሳሿ ስልክ አያነሡም» አለች ቆማ። «ይምጡ፣ አብረን እንያቸው።»

ወይዘሮ ህሊና ደጋግማ አንኳኳች። መልስ ሲጠፋ ለዚሁ በተሰጣት ካርድ በሩን ከፈተችው። ከመቃኑ በላይ ያለችው ሴትዮ ምንም አላለችም። የሚባክን ሙቀት ስላልነበረ ነው።

የቤቱ ውስጥ ከደጁ ይበርዳል። እትዬ ሶልያና አልጋቸው ላይ ናቸው። ሁለት ጋቢ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበዋል፤ ራሳቸው ላይ የሱፍ ኮፍያ አለ። ጉንጫቸው በትኩሳት ቀልቷል፤ ሲተነፍሱ ይንኮራኮራል። የፓምፑ ማጥፊያ ግድግዳው ላይ ወደ ታች ተጭኖ ይታያል። የወይዘሮ ህሊናን መለያ ሲያዩ ለመነሣት ሞከሩ።

«አሁንም ይሰማል እንዴ ልጄ?» አሉ። «እኔ እኮ ደብዳቤው የመጣ ዕለት ነው ያጠፋሁት።»

ኪሩቤል በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ቅሬታው በገባ በሰዓቱ ለተከሳሹ እንደሚደርስ አላወቀም ነበር። አሥር ቀን ቆይቶ በእርቁ ዕለት፣ ሻይ እየተጠጣ የሚነገር ነገር አድርጎ ነው ያሰበው። ደግሞስ ሰው በታኅሣሥ ብርድ ለማያውቀው ጎረቤት ብሎ ማሞቂያውን ያጠፋል ብሎ ማን ይገምታል? እትዬ ሶልያናን የሚያውቅ ይገምት ነበር። ችግሩ የሚያውቃቸው አለመኖሩ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ የሳንባ ምች ነው ተባለ። ወይዘሮ ህሊና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታብሌቷን ነካካች።

«ድምፁ ስለጠፋ ቅሬታዎ ተፈትቷል ይላል» አለች። «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት።»

«የበደልኩት እኔ ነኝ» አለ ኪሩቤል። «ድምፁ አስቸግሮኝ አያውቅም። ለእርቅ አይደል የመጣሽው፣ አስታርቂን።»

ወይዘሮ ህሊና ታብሌቷን ከላይ እስከ ታች ፈለገች። ክፉ ሴት አይደለችም። «ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለኝም አባቴ» አለችው።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት፣ የጥየቃ ሰዓት ሲጀመር ገባ። እትዬ ሶልያና አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላቸው ነቅተው ነበር።

«ማነዎት አንቱ?»

«ጎረቤትዎ ነኝ። ከግድግዳው ወዲያ ያለሁት።»

ፊታቸው ፈካ። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡና እጁን ፈልገው ያዙት። «እህስ፣ አሁን እንቅልፍ ወሰደዎት?» አሉት።

ኪሩቤል አዎ ቢል ውሸት ነው፤ የለም ቢል ሌላ ጥያቄ ያመጣል። «እግዜር ይማርዎት» ብቻ ብሎ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ወንበሮቹ እንደተሰለፉ፣ ሁለቱ ብርጭቆዎች የትናንቱን ሻይ እንደያዙ ሲያያቸው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ አያቱ ያወሩለት የነበረው ነገር ትዝ አለው። በእሳቸው ዘመን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። «እንደዚህ ድንጋይ ከብዶኛል» ማለት ነው። ተበዳይ ይቅር እስኪል አያወርደውም።

በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታሉ ግቢ፣ ከአበባው መደብ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣ፤ የዳቦ ያህላል። ነርሷ በር ላይ አቆመችው።

«ምንድን ነው እሱ አባባ?»

«ይቅርታ ነው።»

«ይቅርታም ቢሆን ጀርም ይይዛል» አለችና ድንጋዩን በአልኮል ጠርጋ አስገባችው።

እትዬ ሶልያና ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ገና ድንጋዩን ትከሻው ላይ እንዳዩ ፊታቸው ከበድ አለ። ኪሩቤል አልጋው ሥር ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ቀጭ አለ።

«እትዬ፣ ፓምፕዎ አስቸግሮኝ አያውቅም። ዋሽቼ ነው። ሰው ቤቴ እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነው። በእሱ ድምፅ ነው የምነሣው፣ በእሱ ነው የምተኛው። ሲጠፋም ሁለት እርምጃ መጥቼ ማንኳኳት አፈርኩ። ይቅር በሉኝ።»

እትዬ ሶልያና በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዘጠኝ ቀን» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ሰውዬ፣ ዘጠኝ ቀን።» አንቱታው ቀረ። «እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ደጋግሜ አነበብኩት። ከጎረቤትዎ ይላል። ያንተ ፓምፕ ድምፅ የለው፣ ከወዲያ ያለውን ቤት ባዶ ነው ብዬ ነበር። ለካ ሰው አለ አልኩ። ሰው ካለማ ላስቸግር? እየበረደኝ፣ አሁን ተኝቶ ይሆናል እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ይቅር በሉኝ።»

«አልልም።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ዛሬ አልልም። ነገ ና።»

ኪሩቤል ድንጋዩን ነርሷ ዘንድ አስቀምጦ ወጣ። ወጉን ያውቀዋል። ይቅርታ በአንድ ቀን አይሰጥም፤ በዳይ ደጅ ይጠናል፣ ተበዳይ ይኮራል። አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ግን ቆመ። ነገ ና ከተባለ ስንት ዓመቱ ነው? ልጁ «እደውላለሁ» ትለዋለች፤ መድኃኒት ቤቱ «መልእክት እንልካለን» ይለዋል። ነገ ና ያለው የለም። እየበረደው ብቻውን ሳቀ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት መጣ። ተንበረከከ፤ ለመነ። «ዛሬ ሾርባው ቀዝቅዞ ነው የመጣልኝ፣ ይቅር የሚል ሆድ የለኝም» አሉት። ከዚያ ድንጋዩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሲጨዋወቱ ሰዓቱ አለቀ። በሚቀጥለው ቀን «የሚኒባስ ረዳት ነበርኩ ነው ያልከው? መልሴን የዘረፈኝ አንተ ሳትሆን አትቀርም» ብለው ከለከሉት። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ሰዓሊ እንደነበሩ፣ የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ እንደኖሩ ነገሩት። ቦንጋ የሚሠራ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ነርሷም በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድንጋዩን ጠርጋ ማቆየት ጀመረች፤ ሲወጣ «ዛሬስ?» ትለዋለች፤ «ነገ ተብያለሁ» ይላታል። ኪሩቤል ጠዋት ሲነሣ የሚሄድበት ነበረው። ሸሚዙን ተኮሰ።

ትኩሳቱ ግን አልወረደም። በስድስተኛው የይቅርታ ቀን እትዬ ሶልያና ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ «ነገ» ያሉት በእጃቸው ምልክት ነው። ሲወጣ ነርሷ «ሐኪሙ ልጃቸውን ከቦንጋ አስጠርቷል» አለችው።

በሰባተኛው ቀን ሲገባ አልጋው ውስጥ በጣም አንሰው አገኛቸው። ቱቦው በጭምብል ተተክቷል። ኪሩቤል ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል እጃቸውን አንሥተው ጭምብሉን ፈቀቅ አደረጉ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ።

ኪሩቤል እንደጎበጠ ቀረ። «ገና አልለመንኩም እኮ እትዬ።»

«አትለምን። ይቅር ብዬሃለሁ። አውርደው።»

«ትናንት ነገ ብለውኝ የለ?»

«ነገው ዛሬ ነው።»

ፈራ። ሚስቱ ስትሞት እንኳ እንዲህ አልፈራም፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚመጣ አላወቀም ነበር። ድንጋዩን አላወረደም። ተንበረከከ፣ ግንባሩን የአልጋው ጠርዝ ላይ አደረገ።

«አልቀበልም» አለ። «የእኔ በደል በሰባት ቀን አይታለፍም። ቸኩለዋል። ነገ ስምንት ሰዓት እመጣለሁ፤ ይከልክሉኝ።»

እትዬ ሶልያና አዩት። ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ነርሷ ከበሩ ላይ ሰዓቷን አየችና ተመለሰች። እትዬ ሶልያና ምን ያድርጉ፣ ሰው ሲቸገር ማየት አይሆንላቸውም።

«እሺ» አሉት። «ነገ ና።»